መካከለኛው መጽሐፍና የቆላው አንባቢ

ልብ ወለድ መተቸት የሥራ ፈት ሥራ ነው የሚሉን አሉ። እኛ ግን አንድ ወጣት ከንባብ ጋር የሚወዳጀውም የሚጣላውም ብዙ ጊዜ በልብ ወለድ ምክንያት መሆኑን ስለምናውቅ፣ ጉዳዩን አቅልለን አናየውም። ስለዚህ ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ይስማዕከ ወርቁ ‹‹ራማቶሓራ›› ነው።

ከመተማ፣ ከቋራና ከምዕራብ አርማጭሆ የመጣን ተማሪዎች በ2001 ዓ.ም. የወጣውን ‹‹ዴርቶጋዳ››ን ያገኘነው ዘግይተን፣ ከታላላቆቻችን እጅ ነው። በቆላው መጽሐፍ እንደ ልብ አይገኝምና አንዱ ቅጂ ከገንደ ውሃ እስከ መተማ ዮሐንስ ዞሮ፣ ሽፋኑ ረግፎ፣ ገጹ በላብ ወይቦ ደረሰን። የጣናን ገዳማት ከሥውር ጥበብ፣ በባዕድ አገር የሚኖረውን ኢትዮጵያዊ ሊቅ ከአገሩ ጋር ያገናኘ ታሪክ ነበርና ተደነቅንበት። ከፈተና ደብተር በቀር ምንም የማያነብ አንድ ጓደኛችን እንኳ ተራ ይዞ ጠበቀ። ይህ የደራሲው ውለታ ነው፤ አንክደውም።

የታሪኩ ተከታይ የሆነው ‹‹ራማቶሓራ›› ሲደርሰን ግን ቅር አለን። ምሥጢሩ ሲበዛ ሰዎቹ አነሱብን። በመጀመሪያው መጽሐፍ የተጨነቅነው ለሰዎቹ ነበር፤ በሁለተኛው ግን ጭንቀታችን ቀጥሎ ስለሚፈታው እንቆቅልሽ ብቻ ሆነ። መጽሐፉን ስንዘጋ በእጃችን የቀረው ‹‹ወደፊት ይገለጣል›› የሚል ተስፋ ነበር።

ደራሲውን የሚወዱ ወዳጆቻችን ‹‹መካከለኛ መጽሐፍ ነውና መጨረሻውን ታገሡ›› ይሉናል። መልሱን ከአገራችን ሥራ እንውሰድ። የመተማ ገበሬ ሰሊጡን በክረምት መግቢያ ይዘራል፤ ክረምቱ ሲወጣ ያጭዳል። በመካከሉ ያለው አረም ነው። ‹‹መካከል ነው›› ብሎ አረሙን የተወ ገበሬ አጨዳ አይደርስም። የአጨዳውም ቀን ካለፈ የሰሊጡ ራስ ደርቆ ይከፈትና ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ምሥጢርም እንደዚሁ የአጨዳ ቀን አለው፤ ከቀኑ ያለፈ ምሥጢር አንባቢ ሳይሰበስበው ይረግፋል።

ለመሆኑ አንባቢን የሚይዘው ምሥጢር ብቻ ነውን? በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ከደርቡሽ ጋር ገጠሙ። ሠራዊታቸው የእሾህ አጥሩን ጥሶ ገብቶ ድሉ ሊጨበጥ ሲል ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ተመቱ፤ ጦሩ ተፈታ፤ ራሳቸውም ተቆርጦ ኦምዱርማን ተወሰደ። በእኛ አገር የዚህን ታሪክ መጨረሻ የማያውቅ ሕፃን የለም። ሆኖም ሽማግሌ ሲተርከው ማንም ከመቀመጫው አይነሣም። የተደበቀ ነገር ስላለው አይደለም፤ በእጅ የገባ ድል ሲያመልጥ ሰው ምን እንደሚሆን ስለሚያሳየን ነው። መጨረሻው እየታወቀ የሚደመጥ ታሪክ ካለ፣ መጨረሻው በመደበቁ ብቻ የሚነበብ መጽሐፍ የጎደለው ነገር አለ ማለት ነው።

ይህን የምንለው ለክርክር አይደለም። መጻሕፍት በሞሉበት ከተማ የሚኖር አንባቢ አንዱ ቢያስከፋው ሌላውን ያነሣል። ያ ተራ ይዞ የጠበቀው ጓደኛችን ግን ሁለተኛውን መጽሐፍ ከግማሽ መለሰልን፤ ከዚያ ወዲህ ልብ ወለድ ይዞ አላየነውም። በቆላው አንድ መጽሐፍ ሲያስከፋ የሚጠፋው አንድ ምሽት ሳይሆን አንድ አንባቢ ነው።

እንግዲህ መምህሮቻችን ወጣቱ የሚሻማባቸውን መጻሕፍት ‹‹ተራ›› ብለው ከመናቅ ይልቅ ወደ ክፍል አምጥተው በሚዛን ያስመዝኑን። እኛ ተማሪዎችም ደራሲን ወይ ማምለክ ወይ መስደብ የሚባለውን ልማድ እንተው፤ የሚወዱትን ደራሲ መንቀፍ ጠላትነት አይደለም። ከመካከላችን ብዕር ለማንሣት የሚያስብ ካለም የማኅበረ ሥላሴን ገዳም፣ የመተማን የድንበር ገበያ፣ በ2015 ዓ.ም. ከሱዳን ጦርነት ሸሽቶ በዚያው በር የገባውን ሕዝብ ይመልከት። ምሥጢሩን ሰው ውስጥ ይፈልገው፤ ሁለተኛውን ክፍል ሲጽፍም በቆላው አንድ ቅጂ ለብዙ እጅ መሆኑን አይርሳ።