የአራዳ ሳሎን ስፒከር በቆራሌ ዋጋ

የውጭ ምንዛሪ ተመን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ ሲለቀቅ ከ57 ብር ገደማ የተነሳው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻግሯል። ከውጭ የሚመጣ የሆም ቲያትር ስብስብ ለመግዛት ያሰበ ሰው ከዚያ ወዲህ ሂሳቡን እንደገና መሥራቱ የግድ ሆኗል። በዚያው ዓመት በተጀመረው የኮሪደር ልማት የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው ብዙ ቤተሰብ ወደ ኮንዶሚኒየም ተዛውሯል። በጠባብ ሳሎን ቦታ የማይገኝለት፣ ዳንቴል ለብሶ የኖረ ትልቅ የእንጨት ስፒከር ግን ዕጣው ብዙ ጊዜ ቆራሌ ነው። ይህ ኪሳራ ነው።

አራዳ ከሸክላ ጋር የቆየ ትውውቅ አለው። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የሀገር ፍቅር ቴአትር ቤትን ሸክላ የማሳተም ብቸኛ መብት ደፍሮ ሥራ ከጀመረ በኋላ እስከ 1975 ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎችን አውጥቷል። ሸክላ የገዛ ደግሞ ማጫወቻና ስፒከር ይፈልጋል። ግሩንዲግ፣ ፊሊፕስና ቴሌፎንከን የሚሉት ስሞች በአረጋውያኑ አፍ የቀሩት በዚህ ምክንያት ነው።

የዚያ ዘመን ዕቃ ዋጋው በስሙ ብቻ አይደለም። ሳጥኑ ሰፊ፣ ወረቀቱ ቀላል በመሆኑ ብዙዎቹ በትንሽ ኃይል ከፍ ያለ ድምፅ ይሰጣሉ። አንዳንዶቹ ኮባልት ያለበት አልኒኮ ማግኔት አላቸው። የያኔዋ ዛየር ሻባ ክፍለ ሀገር እ.ኤ.አ. በ1978 በጦርነት ስትናጥ የኮባልት ዋጋ ሰማይ ነክቶ ታላላቅ አምራቾች ወደ ርካሹ ፌራይት ዞረዋል። የአልኒኮ ስፒከር ዛሬ በውጭ ሰብሳቢዎች ዘንድ የሚፈለገው ለዚህ ጭምር ነው።

“አሮጌ ስፒከር ከዘመናዊ ቴሌቪዥን ጋር አይሄድም” የሚለው ወሬ ቱቦ ባለው ቴሌቪዥን ዘመን እውነት ነበር፤ ማግኔቱ ስክሪኑን በቀለም ያበላሸው ነበር። ጠፍጣፋው ስክሪን ይህ ችግር የለበትም። የጀርመኖቹ ስፒከሮች አንዱ እግሩ ጠፍጣፋ፣ ሌላው ድቡልቡል የሆነ ሶኬት ቢኖራቸውም ቆርጦ ሽቦውን በቀጥታ ማሰር የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ቸል የማይባለው ኦሙ ነው። ብዙዎቹ የአውሮፓ ስፒከሮች 4 ኦም ሲሆኑ፣ ከ6 ኦም በታች የማይፈቅድ አምፕሊፋየር በእነሱ ሲጮህ ቢያድር ሊቃጠል ይችላል። ገዢው ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ የተጻፈውን ያንብብ።

አሮጌዎቹን በግራና በቀኝ ማቆም፣ ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን የፊልም ጉርምርምታ ለሰብዉፈር መተው ይበጃል። የመሀሉን ስፒከር ግን ከየትም ለቃቅሞ መሰካት ገንዘብ ማባከን ነው፤ የተዋናዩ ድምፅ ከግራ ወደ መሀል ሲሻገር ሌላ ሰው ይመስላል። ተመሳሳይ ካልተገኘ ያለ መሀል ማድመጥ ይሻላል።

ገበያው የሚበላሸው በአሻሻጡ ነው። ሻጩ ሙዚቃውን እስከ ጥግ ይከፍተዋል፣ ገዢውም በጩኸቱ ይማረካል። ጉድለት የሚሰማው ግን ድምፁ ሲቀንስ ነው። የፊት ጨርቁ ተነስቶ የወረቀቱ ዙሪያ ይታይ። በተለይ ከ1970ዎቹ ወዲህ የተሠሩት ስፖንጅ ከሆኑ ሲነኳቸው ይፈረፈራሉ፤ የጨርቅና የጎማ ጠርዝ ዕድሜው ይረዝማል። ወረቀቱ በጣት ቀስ ተብሎ ሲገፋ ፍግፍግታ ካሰማ ጥቅል ሽቦው ተጎድቷል። በቴስተር ሲለካ 8 ኦም የተባለው 6 ገደማ፣ 4 የተባለው ከ3 ትንሽ ከፍ ብሎ ማሳየት አለበት። በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ዕድሜያቸውን የጨረሱ ስለሚሆኑ የመለወጫው ወጪ ከዋጋው ላይ ይቀነስ።

ስፖንጅ የሚቀይር፣ ጥቅል ሽቦ የሚጠቀልል ባለሙያ ከፈረሰው ሰፈር ጋር አድራሻው ሲጠፋ ግን የስፒከሩም ዋጋ አብሮ ይወርዳል። በፒያሳ ሱቁ የቀረለት ነጋዴ ከአንድ እንዲህ ካለ ጠጋኝ ጋር ተስማምቶ፣ ፈትሾና የሦስት ወር ዋስትና ጽፎ ቢሸጥ ከቆራሌው የተሻለ ከፍሎ ገዝቶም ያተርፋል።