ያልተጠየቀው ጥያቄ

ዉድበሪ ተቀምጦ ለአዲስ አበባ የመሬት ይዞታ ሥራ አነስተኛ ፕሮግራም የሚጽፍ መሐንዲስ፣ ሳያስበው ፖሊሲም ይጽፋል።

በኦቶካድ የሚሠራበት የኦቶሊስፕ ቋንቋ «ጌትፖይንት» የሚባል ትእዛዝ አለው። ተጠቃሚውን ነጥብ ይጠይቀዋል፤ ነጥቡ በየትኛው ዳተም፣ ማለትም በየትኛው የመለኪያ መነሻ እንደተለካ ግን አይጠይቅም። የኢትዮጵያ ነባር ካርታዎች መነሻቸው አዲንዳን ነው፤ ጂፒኤስ የሚለካው በደብሊው ጂ ኤስ 84 ነው። አዲስ አበባ ላይ የሁለቱ ልዩነት ከ100 ሜትር ይበልጣል። መነሻው ሲምታታ የአንዱ ይዞታ በሌላው ቤት ላይ ያርፋል፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ሥዕል ግን እንከን አይታይበትም።

መፍትሔው በዚያው ቋንቋ ውስጥ አለ። «ኢኒትጌት» ባዶ መልስን ይከለክላል፤ «ጌትኬይወርድ» ከተፈቀዱት ቃላት አንዱን ብቻ ይቀበላል። ሁለቱን አጣምሮ፣ ከነጥቡ አስቀድሞ ዳተሙን ማስመረጥ የጥቂት መስመር ሥራ ነው።

ተጨማሪ ጥያቄ ሥራ ያጓትታል የሚሉ ይኖራሉ። እውነት ነው፤ ጥቂት ሰከንዶች ይወስዳል። የወሰን ክርክር ግን ዓመታት ይፈጃል። ሙያችንን ለአገር ቤት ስናበረክት፣ ከፍጥነት ይልቅ ተገቢውን ጥያቄ እናስቀድም።