አዳኝ አዕዋፍን ለመያዝ ፈቃድ ብቻ ይበቃል?

ሀዋሳ፡- ማለዳ አሞራ ገደል የወረደ ሰው የሚያየው የታወቀ ነው። ጀልባዎች ከሐይቁ ይመለሳሉ፤ ቆሮሶውና አምባዛው እየተበለተ የሆድ ዕቃው ይጣላል፤ አባ ኮዳዎች ይሻማሉ፤ ጭላቶች ከላይ እየተወረወሩ ቁራጭ ነጥቀው ይሄዳሉ። ለጎብኚ ፎቶግራፍ ሲባል አንጀት እያሳዩ ወፎቹን የሚያስጠጉ ልጆችም አሉ። አባ ኮዳ በሳይንሱ አመዳደብ ከአዳኝ አዕዋፍ ወገን አይቆጠርም። ሆኖም ሰውና ትልልቅ ወፎች ይህን ያህል ተቀራርበው በሚኖሩበት አካባቢ፣ ንስር፣ ጭልፊት፣ ጉጉት ወይም ጥንብ አንሳ በሰው እጅ ሲገባ ምን ይደረግ የሚለው ጥያቄ ለግብርና ባለሙያውም ለአርሶ አደሩም የቅርብ ጥያቄ ነው።

ሕጉ በመርህ ደረጃ ግልጽ ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳን ማደንም ሆነ መነገድ ከልክሏል። ሀገራችን ለአደጋ የተጋለጡ የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ የሚቆጣጠረውን ሳይተስ የተባለ ስምምነት የተቀላቀለችው በ1981 ዓ.ም. ነው። ንስሮች፣ ጭልፊቶችና ጉጉቶች ሁሉም ለማለት በሚቻል ደረጃ በዚህ ስምምነት ዝርዝር ውስጥ ናቸው። ስለዚህ «ፈቃድ ያስፈልጋል ወይ?» ለሚለው መልሱ ቀድሞ ተሰጥቷል። ያልተመለሰው ሁለተኛው ጥያቄ ነው፤ ወፉን የሚይዘው ሰው ሥልጠና ሊኖረው አይገባም ወይ?

በሌላው ዓለም ይህ ክርክር የሚነሳው በአብዛኛው ጭልፊት አሠልጥነው በሚያድኑ ሰዎች ምክንያት ነው። በጭልፊት ማደን በባሕረ ሰላጤው አገራት ትልቅ ክብር ያለው ባህል ሲሆን በ2010 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ለጭልፊት ፓስፖርት ይሰጣል። በአሜሪካ ጀማሪ የሆነ ሰው ወፍ ከመያዙ በፊት የጽሑፍ ፈተና ወስዶ ቢያንስ 80 በመቶ ማምጣት አለበት፤ ወፉ የሚያድርበት ቦታ ይመረመራል፤ ከዚያም ልምድ ባለው ሰው ሥር ቢያንስ ሁለት ዓመት ይቆያል። በብሪታንያ ደግሞ የተወሰኑ ዝርያዎች መመዝገብ ቢኖርባቸውም በሰው እጅ የተፈለፈለች ጉጉት ለመግዛትና ለማሳደግ ምንም ሥልጠና አይጠየቅም።

የእኛ ሁኔታ ከሁለቱም ይለያል። በጭልፊት የማደን ልማድ የለንም። ወፉ እጃችን የሚገባው በአጋጣሚ ነው። ጫጩት ልትነጥቅ የወረደች ጭላት በወጥመድ ትያዛለች። የዓሣ ንስር መረብ ይጠልፈዋል። ከጎጆው የወደቀ ግልገል ልጆች አንስተው እግሩን በሲባጎ ያስሩታል። ከእነዚህ ሰዎች መካከል ማናቸውም ፈቃድ ፍለጋ አዲስ አበባ የሚሄድ የለም። ይባስ ብሎ፣ መያዝ ወንጀል መሆኑን የሰማ ሰው ወፉን ለወረዳ ከማስረከብ ይልቅ መደበቅ ወይም መግደል ይመርጣል። ሕጉ ያሰበው ግን የዚህን ተቃራኒ ነበር።

ለዚህም ነው በዚህ ጸሐፊ እምነት ሥልጠና ከፈቃድ መቅደም ያለበት። በአጋጣሚ የተያዘ ወፍ ሞቱም ሆነ ሕይወቱ የሚወሰነው በአመዛኙ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ነው። በእነዚያ ቀናት የሚሠራው ስህተት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከርኅራኄ የሚመጣ ነው። ውሃ በአፉ ይጋቱታል፤ ውሃው ወደ ሳንባው ይገባል። እንጀራና ዳቦ ይሰጡታል፤ የሥጋ በላተኛ ሆድ አይቀበለውም። ሥጋ የሰጡትም ቢሆን አጥንት የሌለው ብጥሌ ብቻ ከሆነ ወፉ ካልሲየም ያጣል፤ በተለይ ግልገል ከሆነ በጥቂት ሳምንት አጥንቱ ይጎብጣል፤ ዳግመኛም አይበርም። በዱር የሚኖር ጭልፊት አይጧን የሚውጣት ከነአጥንቷና ከነጠጉሯ ነው። በፈንግል የሞተ ዶሮ የሚጥሉለትም አሉ። ፈንግል ግን ጭልፊትንም ይይዛል፤ በሽታውንም መልሶ ወደ ዶሮ ቤት ማምጣት ይሆናል።

ትክክለኛው አያያዝ ከባድ አይደለም። ጋቢ ወይም ወፍራም ጨርቅ ከላይ ጣል ማድረግ፣ ዓይኑ ሲሸፈን ይረጋጋል። የሚፈራው መንቁሩ ሳይሆን ጥፍሩ ነውና በቅድሚያ ሁለቱን እግሮች መያዝ። መረብ የጠለፈውን ክሩን መቁረጥ እንጂ መጎተት አይገባም። ከዚያ ቀዳዳ ባለው ካርቶን አስገብቶ ጨለማና ጸጥታ ባለበት ማስቀመጥና በዚያው ዕለት ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ማሳወቅ። መሬት ላይ የተገኘ ላባ ያወጣ ግልገል ደግሞ ብዙ ጊዜ የተጣለ አይደለም፤ ወላጆቹ እዚያው እየመጡ ይመግቡታል። ውሻና ልጆች ካላስቸገሩት ቅርንጫፍ ላይ አውጥቶ መተው ይሻላል።

ይህን ለማስተማር ከሩቅ ባለሙያ ማምጣት አያስፈልግም። ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ያስተምራል፤ የወንዶ ገነት ኮሌጁ በዱር እንስሳት አያያዝ ባለሙያ ያወጣል። የወረዳ የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች ለላምና ለበግ በሚሰጣቸው የሥራ ላይ ሥልጠና ላይ የአንድ ቀን ትምህርት ቢጨመር፣ እነሱ ደግሞ ለልማት ሠራተኞች ቢያስተላልፉት ወጪው ብዙ አይሆንም። የከበደው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የተጎዳ ወፍ የት ይቆያል? ከሕገወጥ ያዦች የተወሰዱ አንበሳና አቦሸማኔ የሚጠለሉበት እንሰሳ ኮቴ ማዕከል ያለው ሆለታ አቅራቢያ ነው፤ ከሀዋሳ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ክንፉ የተሰበረ የዓሣ ንስር በካርቶን ሆኖ ይህን መንገድ ይቻለዋል ለማለት ያስቸግራል።

አርሶ አደሩ «ጫጩቴን የሚጨርስ ወፍ ለምን ይታከማል?» ቢል አይፈረድበትም። ጭላት ጫጩት ትወስዳለች፤ ይህ ሐሰት አይደለም። መፍትሔው ግን ወጥመድ ሳይሆን ጫጩቶቹ እስኪጠነክሩ ድረስ ለጥቂት ሳምንታት በላዩ ሽቦ ወይም መረብ ባለው አጥር ማቆየት ነው። የእንሰት ጓሮም ጥሩ መሸሸጊያ ነው። በሌላ በኩል የሒሳቡ ሌላ ገጽ አለ። በዝዋይ አካባቢ በበቆሎ ማሳ ላይ የተደረገ ጥናት አይጦች ከምርቱ ሩብ ያህሉን እንደሚያጠፉ አሳይቷል። አይጥን ሌሊት ሌሊት የምታድነው ደግሞ በብዙ ቤት እንደ ሟርተኛ ተቆጥራ በድንጋይ የምትባረረው ጉጉት ናት። በእስራኤል የዮርዳኖስ ሸለቆ ገበሬዎች ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለጉጉት የእንጨት ሳጥን በማሳቸው ዳር ሰቅለው የአይጥ መርዝ ቀንሰዋል፤ በኋላም የዮርዳኖስ ገበሬዎች ተከትለዋቸዋል። ሳጥን መስቀል ወፍ መያዝ ስላልሆነ ጉጉቷ ነፃ ናት፤ ገበሬውም ሌሊቱን የሚሠራለት አግኝቷል።

ፈቃድ የማይደርስበት ሌላ ሞትም አለ፤ መርዝ። ለጅብ ወይም ለባለቤት አልባ ውሻ ተብሎ ሥጋ ላይ የሚደረግ መርዝ ጥንብ አንሳዎችን በጅምላ ይገድላል። በ2019 እ.ኤ.አ. በቦትስዋና በተመረዙ ዝሆኖች ሬሳ ዙሪያ ብቻ 537 ጥንብ አንሳዎች ሞተው ተገኝተዋል። ጥንብ አንሳ በጠፋበት ቦታ ሬሳውን የሚረከበው ውሻ ነው፤ ከውሻ ጋር ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ይመጣል።

ስለዚህ ለክልሉ የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች የሚቀርበው ሐሳብ ሁለት ዓይነት ሰዎችን መለየት ነው። ለትርዒት፣ ለንግድ ወይም ለረጅም ጊዜ ወፍ መያዝ የሚፈልግ ፈቃድም፣ ፈተናም፣ የማደሪያ ምርመራም ይጠየቅ። የተጎዳ ወፍ አግኝቶ በ48 ሰዓት ውስጥ ለቀበሌ ወይም ለእንስሳት ጤና ኬላ ያስረከበ ዓሣ አስጋሪ ወይም አርሶ አደር ግን እንደ ተከሳሽ ሳይሆን እንደ ተባባሪ ይመዝገብ። ሰዓቱ ሊስተካከል ይችላል። ለመጀመር የሚቀለው አሞራ ገደል ነው፤ አስጋሪዎቹ በማኅበር የተደራጁ በመሆናቸው መረቡን በሚቆጥሩበት ቦታ አንድ ካርቶን፣ አንድ መቀስና የባለሙያው ስልክ ቁጥር ማስቀመጥ የአንድ ሳምንት ሥራ ነው።