ፎቶግራፉ ያላሳየን እሾህ

አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪያችን ለዕረፍት ወደ ትውልድ ቀየው ሄዶ ሲመለስ በእጅ ስልኩ ያነሣውን ፎቶግራፍ አሳየን። ቅጠሉ የሚያብረቀርቅ፣ ወይን ጠጅ ወደ ጥቁር የሚያደላ ፍሬ የያዘ ቁጥቋጦ ነው። «አጋም አይደለም ወይ?» ሲል ጠየቀን። እኛ የፊዚክስ ሰዎች ነንና መልስ ስላልነበረን ምስሉን ይዘን ወደ አንዲት የሥነ ሕይወት ባልደረባችን ሄድን። እሳቸውም ጥቂት ተመልክተው «እሾሁስ?» አሉን። ፎቶግራፉ እጅግ ጥርት ያለ ነበር፤ ተክሉ እሾህ ይኑረው አይኑረው ግን አይታወቅም።

ጥያቄው ቀላል አልነበረም። አጋምና ምረንዝ የአንድ ቤተሰብ ዕፅዋት ናቸው። የሁለቱም ቅጠል ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይበቅላል፤ ሁለቱም ሲቆረጡ እንደ ወተት ያለ ፈሳሽ ያወጣሉ፤ አበባቸውም ፍሬያቸውም ይመሳሰላል። አጋም እሾህ አለው፤ ምረንዝ የለውም። ምረንዝ በምሥራቅ አፍሪካ አዳኞች የፍላጻ መርዝ ሲቀምሙበት የኖሩበት ተክል ነው፤ በውስጡ ያለው ኡዋባይን የልብ ሕዋሳት ሶዲየምንና ፖታሲየምን የሚያመላልሱበትን ሥርዓት ያግዳል። የዘርፉ ሊቃውንት እንኳ እ.ኤ.አ. በ1844 ምረንዝን ሲሰይሙ ከአጋም ወገን፣ ካሪሳ ከተባለው ውስጥ ነበር የመደቡት። ዛሬ የሚጠራበት አኮካንቴራ የተሰኘው የወገን ስም የመጣው በአበባው ውስጥ ከተሸሸገው የዱቄት ከረጢት ሹል ጫፍ ነው። ይህን ጫፍ የምናየው አበባው ተሰንጥቆ፣ በማጉያ ታይቶ፣ በእርሳስ ሲሣል ነው።

ለመሆኑ በካሜራ ዘመን ሥዕል ምን ያደርጋል? ስለ ኤሌክትሪክ ሰርኪት ስናስተምር የተጠላለፉ ሽቦዎችን ፎቶግራፍ ለተማሪ አንሰጥም፤ ንድፍ እንሥላለን። የሽቦው ቀለም ይቀራል፤ ምን ከምን ጋር እንደተያያዘ ይታያል። የዕፅዋት ሥዕልም እንዲሁ ነው። ካሜራ አንዲትን ቅጽበት ይይዛል፤ ሠዓሊው ግን በልዩ ልዩ ወራት የሚታዩትን አበባና ፍሬ በአንድ ገጽ ያገናኛል፤ ፍሬውን ለሁለት ቆርጦ ዘሩን ያሳያል፤ መጠኑን በመለኪያ ያሰፍራል። ለዶክትሬት በውጭ አገር በቆየንበት ጊዜ የመሣሪያው ብዛት አስገርሞን ነበር፤ ሆኖም በሙከራ ደብተራችን ላይ መሣሪያውን በእጃችን እንድንሥል እንገደድ ነበር። ያን ጊዜ ማማረራችን አልቀረም።

የአገራችን ዕፅዋት ሥዕል ታሪክ በጎንደር አንድ መቃብር አለው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ ሉዊጂ ባሉጋኒ የተባለ የቦሎኛ ሠዓሊ አብሮት ነበር። ባሉጋኒ እ.ኤ.አ. በ1771 በጎንደር አረፈ። ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ውስጥ ኮሶ፣ እንሰትና ፍሬዋ የሚበላው ዋንዛ ሳይቀሩ በሥዕል ወጥተዋል፤ ሥዕሎቹ ግን የብሩስ ሥራ ተደርገው ነው የቀረቡት። የባሉጋኒን ስም በርዕሱ የያዘ የዕፅዋት ሥዕሎቹ መጽሐፍ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። ሁለት መቶ ዓመት! ተመራማሪ የሠዓሊን ድካም እንደ ራሱ የሚቆጥርበት ልማድ ዛሬም ፈጽሞ ጠፍቷል ለማለት አንደፍርም።

እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 2009 የተካሄደው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መዝገብ ሥራ ስድስት ሺህ ያህል ዝርያዎችን በስምንት ቅጾች ሰብስቧል፤ በውስጡ ያሉት የመስመር ሥዕሎችም ውብ ናቸው። ይሁንና መዝገቡ የተጻፈው በእንግሊዝኛ፣ ለባለሙያ ነው። ቀጋን፣ እንኮይን፣ ዶቅማንና ቆሽምን እየለቀመ ላደገ እረኛ የሚሆን መጽሐፍ አይደለም። ከኢትዮጵያ ውጭ የማይበቅለውን ሳማ በየትኛው ዕድሜው ለቅመው፣ እንዴት ሳይለበልባቸው ወጥ እንደሚሠሩት የሚያውቁት እናቶችም ዕውቀታቸው በቃል ብቻ እንዳለ ነው።

ስለዚህ በሥነ ሕይወት የተግባር ትምህርት ሥዕል ወደ ቦታው ይመለስ እንላለን። ተማሪው ከቀየው አንድ የሚበላ የዱር ተክል መርጦ ከነአምሳያው ይሣል፤ በአካባቢው ቋንቋ የሚጠራበትን ስም ይጻፍ፤ ስሙን የነገሩትን ሰውና የራሱን ስምም ከሥዕሉ ሥር ያኑር። ቀለም አያስፈልግም። እርሳስ፣ ማስመሪያና ምላጭ ይበቃሉ። «እኔ መሣል አልችልም» የሚል ተማሪ ሰርኪት መሣልስ ከየት ተማረ?

ያ ተማሪያችን በቀጣዩ ዕረፍት ወደዚያው ቁጥቋጦ ተመልሶ ሣለው። ቅጠሎቹ ከልክ በላይ ሰፍተዋል፤ አበባውም አበባ አይመስልም። በቅርንጫፉ ላይ ግን፣ ከቅጠሎቹ መነሻ፣ ጥንድ ጥንድ እሾህ አለ፤ ርዝመቱም በሚሊ ሜትር ተጽፏል።