በቤተ ሰብ መኪና ውስጥ ድምፅን ስለ መቃኘት

በገና የሚደረድር ሰው አስቀድሞ አውታሩን ሳይቃኝ አይጀምርም። በመኪና ውስጥ ዜማ የሚያሰማውም መሣሪያ እንደዚሁ ቅኝት ይፈልጋል። ብዙ ሰዎች ግን በብዙ ገንዘብ ስፒከር ካስገቡ በኋላ፤ ድምፁን ከፍ ማድረግን እንደ ማስተካከል ይቈጥሩታል። ሁለቱ ነገር ከቶ አንድ አይደለም።

ችግሩ የሚነሣው ከመቀመጫው ነው። መሪው በግራ በሆነ መኪና ነጂው ከግራው በር ስፒከር 70 ሳንቲ ሜትር፤ ከቀኙ ደግሞ 140 ሳንቲ ሜትር ርቆ ተቀምጧል እንበል። ድምፅ በአንድ ሴኮንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ የግራው በ2 ሚሊ ሴኮንድ ይቀድማል። ጊዜው እጅግ ጥቂት ቢሆንም፤ ጆሮ የድምፅን መምጫ የሚወስነው ቀድሞ በደረሰው ስለሆነ፤ ዘፋኙ ከግራው በር ሥር የተቀመጠ ይመስላል። ሄልሙት ሃስ የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1949 ዓ.ም. ይህን የጆሮ ጠባይ መርምሮ ጽፏል።

ዲጂታል የድምፅ ማስተካከያ መሣሪያ ይህን ያቃናል፤ ይኸውም የቅርቡን ስፒከር በዚያው በ2 ሚሊ ሴኮንድ በማዘግየት ነው። ስለዚህ ባለመኪናው አስቀድሞ ከ80 ኸርዝ ገደማ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ ለቤዙ ስፒከር ይተውለት፤ ቀጥሎ ከየስፒከሩ እስከ ነጂው ራስ ያለውን ርቀት ለክቶ ለመሣሪያው ይስጥ፤ የግራና የቀኙንም ኀይል ያመዛዝን። በመጨረሻ በኢኳላይዘር የበዛውን ይቀንስ እንጂ ያነሰውን ሁሉ ለመጨመር አይቸኩል፤ ያለ ልክ የተጨመረ ድምፅ ይሻክራልና። የሚያውቀው የአንድ ዘፋኝ ድምፅ ከፊት መስተዋቱ መካከል የመጣ ከመሰለው ቅኝቱ ተስማምቷል።

ነገር ግን ለአንድ ወንበር የተቃና ለሌላው ይዛባል። በቀኝ ለተቀመጠችው ባለቤቱ የቀኙ ስፒከር ቀድሞውኑ በ2 ሚሊ ሴኮንድ ይቀድም ነበር፤ አሁን ግን የግራው ስለ ዘገየ ልዩነቱ 4 ሆነባት። እንግዲህ የአባወራው ደስታ ከእርስዋ ድርሻ ተቀንሶ የተሰጠ ነው። ብዙዎቹ መሣሪያዎች ከአንድ በላይ ቅኝት ስለሚያስቀምጡ፤ አንዱን ነጂው ብቻውን ለሚሄድበት፤ ሁለተኛውን ያለ ማዘግየት ለቤተ ሰቡ ማዘጋጀት ይገባል። ባለመኪናውም ሥራው አለቀ ከማለቱ በፊት በየወንበሩ ተቀምጦ ይስማ።

ከሁሉ ይልቅ የሕፃናት ነገር ይታሰብ። የዓለም የጤና ድርጅት ለዐዋቂ በሳምንት 40 ሰዓት የሚሰማ ድምፅ ከ80 ዴሲቤል፤ ለሕፃናት ከ75 ዴሲቤል እንዳያልፍ ይመክራል፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪም ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ በ90 ዴሲቤል ለዐዋቂ እንኳ የሚተርፈው በሳምንት 4 ሰዓት ብቻ ነው። የኋላው ስፒከር ከልጅ ጆሮ አጠገብ ሲጮኽ ልጁ የሚደርስበትን ጉዳት ለይቶ ሊናገር አይችልም፤ ነጂውም የአምቡላንሱን ጥሪ ላይሰማ ይችላል።

የመልካም ቅኝት ትርፉ ዜማ ዝቅ ባለ ድምፅ ሳለ ጠርቶ መሰማቱ ነው። ይህንንም ለይቶ ማስተካከል ቤተ ሰቡን ይዞ የሚጓዝ ሰው ሁሉ ግዴታ መሆኑን ለአንባቢዎቻችን እናሳስባለን።