የሴት አያት ስም

ይህን ዓምድ ስናዘጋጅ ከመካከላችን የሴት አያቱን እናት የክርስትና ስም የሚያውቅ ማን እንደ ሆነ እርስ በርሳችን ተጠያየቅን። በአባታቸው በኩል እስከ ሰባት ቤት ያለ ማቋረጥ የሚቆጥሩ ተገኙ። የአያቱን እናት ስም የተናገረው ግን አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም ጎረቤት ይጠራት የነበረበትን ስም እንጂ የተጠመቀችበትን አላወቀም። ልጅ በአባቱና በወንድ አያቱ ስም ይጠራልና የእናት ስም በሁለተኛው ትውልድ ይጠፋል።

ቀድሞ እንዲህ አልነበረም። በቤጌምድርና በጎጃም ርስት በአባትም በእናትም በኩል ይወረስ ስለ ነበር፣ በፎገራ ሜዳ ለአንዲት ቁራጭ መሬት የሚሟገት ገበሬ የሴት አያቱን፣ የእርሷንም እናት እየጠራ እስከ ዋና አባት ድረስ ይቆጥር ነበር። ስሟን መሳት መሬቱን ማጣት ነበርና ሽማግሌዎች የሴቶቹን ትውልድ ተጠንቅቀው ይይዙ ነበር። በ1967 ዓ.ም. በገጠር መሬት አዋጅ ርስት ሲቀር ሙግቱም ቀረ፤ ከሙግቱ ጋራ ግን ያ ቆጠራ አብሮ ቀረ።

በዚያው አገር የርስት ሙግት ሳይሆን ማኅበሯ ስሟን ያቆየላት አንዲት እናት አለች። ከአዲስ ዘመን በላይ በደን ከተከበበው ከጣራ ገዳም ወርዶ፣ የርብን ወንዝና ወረታን አልፎ፣ ጉማራንም ተሻግሮ ወደ ጣና ዳር የሄደ ሰው ቁራጣ ይደርሳል። በቁራጣ ያለው ገዳም የእናታችን የወለተ ጴጥሮስ ነው።

ዘመኑ ፖርቱጋሎች በሕንድ አገር ጎዋን ይዘው፣ በባሕር ማዶ የሌላውን ምድር ቅኝ የሚያደርጉበት ዘመን ነበር። አገራችንን በጦር አልያዙም፤ ከእነርሱ ጋራ የመጡት የኢየሱሳውያን ካህናት ግን ንጉሡን አፄ ሱስንዮስን ወደ ሮም ሃይማኖት መለሱት። ወለተ ጴጥሮስ አባቷ ባሕር ሰገድ፣ እናቷ ክርስቶስ ዕበያ ይባላሉ፤ ትውልዳቸውም ከደዋሮና ከፈጠጋር መሳፍንት ወገን ነው። ያገባት መልክአ ክርስቶስ የንጉሡ አማካሪና የጦር አለቃ ነበር። ሦስት ልጆች ወልዳ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱባት።

በ1609 ዓ.ም. ጳጳሱ አቡነ ስምዖን በጦርነት ተገደሉ። ገድሏ እንደሚናገረው የተገደሉት የጳጳሱ ልብስ በባሏ እጅ እንዳለ በሰማች ጊዜ ከእርሱ ጋራ መኖርን ተጸየፈች፤ ራሷንም ተላጭታ መነኮሰች። እኅተ ክርስቶስ የምትባል ሌላ ሴት ባልንጀራዋ ሆነች፤ እስከ ዕለተ ሞቷም አልተለየቻትም። ንጉሡ ወደ ችሎት አስቀርቦ ሃይማኖቷን እንድትለውጥ ቢያስገድዳት አልተመለሰችም፤ በ1617 ዓ.ም. ከመጣው የሮም ፓትርያርክ ከአልፎንሶ ሜንዴዝ ጋራ ተከራክራ እሺ ስላላለች ወደ ዠበይ በረሃ ተግዛ ሦስት ዓመት ኖረች። የመጀመሪያ ማኅበሯን ያቋቋመችው እዚያው በግዞት ቦታዋ ነው። በ1624 ዓ.ም. የአባቶች ሃይማኖት ከተመለሰ በኋላም በጣና ዙሪያ ማኅበር መሠረተች፤ የመሠረተቻቸውም በጠቅላላው ሰባት ናቸው። በ50 ዓመት ዕድሜዋ ኅዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም. ዐረፈች።

እንግዲህ አንባቢ ይመልከት። ይህች ሴት በሥጋ የሚቆጠር ዘር የላትም። በርስት ችሎት ቢሆን ኖሮ «የወለተ ጴጥሮስ ልጅ ነኝ» ብሎ የሚቆም ወራሽ አይገኝም ነበር። ሆኖም ባረፈች በ30ኛው ዓመት፣ በ1665 ዓ.ም.፣ ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ አብረዋት የኖሩ የነገሩትን ሰብስቦ ገድሏን ጻፈ። ከዚያ በላይ ቢዘገይ ያዩዋት ሰዎች ያልቁ ነበር። የአባቷን ብቻ ሳይሆን የእናቷንም ስም ጻፈ፤ ስለዚህ ከሦስት መቶ ዓመታት በኋላ ክርስቶስ ዕበያን እናውቃታለን። እናትና ልጅ መቃብራቸው በጣና በሬማ ደሴት ነው።

በየቤታችን መጀመሪያ የሚጠየቀው የክርስትና ስም ነው። ሙሽራ ሆና ስትመጣ አማቷ ያወጣችላት ስም አለ፤ መንደር ያወጣላትም አለ፤ ካህኑ ግን በፍትሐትና በተዝካር የሚጠራት በተጠመቀችበት ስም ነው። ቀጥሎ የተጠመቀችበትና የተቀበረችበት ደብር ይጠየቅ፤ የቆየ ዳዊት ወይም የጸሎት መጽሐፍ በቤት ቢኖር ባዶ ገጾቹ ይታዩ፤ የቀድሞ ሰዎች በዚያ የልደትና የሞት ቀን መጻፍ ልማዳቸው ነበርና። ብራና ላይ ስትጽፉ ግን እባካችሁ በእስክርቢቶ አትጨምሩበት!

ከእኛ መካከል የወረታ ተወላጅ የሆነው ባልደረባችን ጥያቄውን ይዞ ወደ እናቱ ዘንድ ሄደ። እናቱም የእናታቸውን የክርስትና ስም ነገሩት፤ ወለተ ሥላሴ ነበሩ። የወለተ ሥላሴን እናት ስም ሲጠይቃቸው ግን ጥቂት ዝም ብለው፣ «እሱንስ፣ ልጄ፣ እቴቴ ነበረች የምታውቀው» አሉት። እቴቴ የሚሏቸው ታላቅ እኅታቸው ባለፈው ዐቢይ ጾም ዐርፈዋል።