በበረዶ ላይ ዓሣ ማጥመድ፦ ከቤት እንውጣ፣ ግን አውቀን እንውጣ



የብርድ ወራት ሲገባ በውጭ አገር ያለን ቤተሰቦች ኑሯችን ይታወቃል። አባት ከሥራ ወደ ሶፋ፣ ልጅ ከትምህርት ቤት ወደ ስልክ። ባለፈው ብርድ ዴንቨር አካባቢ የምንኖር ጥቂት ቤተሰቦች «ዘንድሮስ እንውጣ!» ተባብለን፣ በሮኪ ተራሮች ወደሚገኘው ኢለቨን ማይል ሰው ሠራሽ ሐይቅ ሄድን። ቦታው ከ2,600 ሜትር በላይ ነው፤ ከአዲስ አበባም ከፍ ይላል።

እውነቱን ለመናገር ያየነው ፎቶ ብቻ ነበር። ልጆቹን ይዘን ወደ በረዶው ልንገባ ስንል አንድ ሸምገል ያሉ ዓሣ አጥማጅ አስቆሙን። «ውፍረቱን ለካችሁት?» አሉን። ማናችንም አልለካንም። አፈርን።

ከእሳቸው የተማርነው ይህ ነው፦ በእግር ለመሄድ ጥርት ያለው በረዶ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ሊወፍር ይገባል። ነጭና አረፋ የበዛበት ከሆነ ጥንካሬው ግማሽ ያህል ስለሆነ እጥፍ ያስፈልጋል። አንድ ቦታ ወፍራም ስለሆነ ሌላውም ወፍራም ነው ማለት አይደለም፤ ወንዝ የሚገባበት አካባቢ ይሳሳል። ስለዚህ እየበሱ፣ እየለኩ መሄድ ነው። ብቻን መግባት የለም። በድንኳን ውስጥ የጋዝ ማሞቂያ ከተለኮሰ የአየር መግቢያ መተው ግድ ነው፤ ጭሱ ሳይሸት ይገድላል። ሕጉም አለ፤ በኮሎራዶ 16 ዓመት የሞላው ሁሉ የማጥመጃ ፈቃድ ያወጣል።

ከለካን በኋላ ተቀመጥን። ከላይ በረዶ፣ ከታች ሕይወት ያለው ውሃ! ውሃ ሲቀዘቅዝ ከብዶ ወደ ታች ይወርዳል፤ በረዶ ሲሆን ግን ቀልሎ ይንሳፈፋል። ባይሆን ኖሮ ዓሣው የት ይኖር ነበር? ሱብሐነላህ! በፔርሙዝ በያዝነው ሙቅ ውሃ ውዱእ አድርገን ዙህርን ዳርቻው ላይ በጀመዓ ሰገድን። እስከ ማታ የያዝነው ሁለት ትራውት ብቻ ነው። ይህ ዓሣ በባሌ ተራሮች ወንዞችም ተለቆ እንደሚገኝ ስንነግራቸው ልጆቹ ስለ አገራችን መጠየቅ ጀመሩ። ለዓመታት ስንመኘው የነበረው ጥያቄ በዚያች ቀዳዳ ዙሪያ መጣ።

አንዳንዶች «ይህ የፈረንጅ ቅብጠት ነው፣ ገንዘብ ማባከን ነው» ይላሉ። ውድ ዕቃ ለፎቶ ብሎ መግዛት ብክነት መሆኑን እኛም እንስማማለን። መብሻና ድንኳን ተዋውሶ ከልጅ ጋር አንድ ቀን መዋል ግን ብክነት አይደለም። የሚያስፈራን ሌላ ነገር ነው፦ የማያውቁትን መጠየቅ እንደ ውርደት መቁጠራችን። ያን ቀን እኚያ ሰው ባይጠይቁን ኖሮ ልጆቻችንን ይዘን የምንገባው በግምት ነበር።

ተወኩል ማለት ሰበቡን አድርሶ በአላህ መመካት ነው። ስለዚህ እንውጣ፤ ግን ጠይቀን፣ ለክተን እንውጣ።

አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን። አሚን!